ቧንቧችን ለምን ወቅት እየጠበቀ ይሰበራል? ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

በውሃ መስመር ጥገና ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ እኛ ሰፈር ቧንቧ የሚሰበረው ክረምት ሲገባና ሲወጣ ነው። ዝናቡ ነው የሚሰብረው?

አፈሩ ነው። በከተማችን ብዙ ቦታ መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ሚያዝያ ላይ ስንጥቁ ውስጥ እጅ ይገባል። ሰኔ ላይ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ያብጣል። ቧንቧው አብሮት ይነሣል፣ ይወርዳል። ሁሉም ቦታ እኩል ስለማያብጥ አንዱ ጫፍ ከፍ ሲል ሌላው ይቀራል።

አንድ ጊዜ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ስንቆፍር ያገኘነውን አልረሳውም። ፒቪሲው፣ ማለትም የፕላስቲክ ቧንቧው፣ ጭረት እንኳ የለበትም፤ ግን ከመገጣጠሚያው ሁለት ጣት ያህል ተስቦ ወጥቷል። ከሥሩ አፈሩ ሸሽቶ ባዶ ሆኗል። መስመሩ ሲቀበር አሸዋ አልተነጠፈለትም ነበር። አዲስ መስመር ስታስገቡ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ከሥሩ ይነጠፍ በሉ። አደራ፣ በዚህ አትደራደሩ።

ውጭ አገር ያለችው እህቴ «እዚህ ቧንቧ የሚፈነዳው በብርድ ነው» ትላለች።

እውነቷን ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ጣና ዳር ግን ያ ችግር የለብንም።

ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ቧንቧው ይንኳኳል፤ አንዳንዴም ይፈነዳል። ለምን?

መስመሩ ባዶ ሲሆን አየር ይሞላዋል። ውሃው በኃይል ሲመለስ አየሩን እየገፋ ይመጣና ደካማውን ቦታ ይመታል። መብራት ሄዶ ፓምፕ ድንገት ሲቆምም መስመሩ እንዲሁ ይመታል። በጋ ላይ ውሃ በፈረቃ ሲሆን ይህ ይደጋገማል። ቫልቭ የሚከፍት ሰው ቀስ ብሎ መክፈት አለበት። እናንተም ቤት ውስጥ አንዷን ቧንቧ ገርበብ አድርጉ፣ አየሩ ይውጣ።

ክረምት ላይ ውሃው ደፍርሶ ይመጣል። ለልጆች ይሆናል?

እህቴ፣ ሳታፈዪ አትስጪያቸው። መስመሩ ግፊት ሲያጣ በቀዳዳው የጎርፍና የመጸዳጃ ቤት ውሃ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። መጀመሪያ እስኪጠራ አፍስሺው፤ ያንን ለልብስ ማጠቢያ ያዢው። ከዚያ በደንብ ተንተክትኮ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ጀርሙን ለመግደል ግን ይበቃል።

ክረምት ሁሉ ነገር እርጥብ ነው። የፈሰሰ ቧንቧ በምን ይለያል?

በበጋ ቀላል ነው፤ በደረቀው መንገድ ዳር ለብቻው የለመለመ ሣር ካያችሁ ከሥሩ ውሃ አለ። ክረምት ላይ ዝናቡ ሁለት ቀን ሲያባራ ውጡና እዩ። ሌላው ደርቆ ያ ቦታ ብቻ ረግረግ ከሆነ፣ ኩሬውም ንጹሕ ከሆነ፣ የቧንቧ ውሃ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ማታ ሁሉንም ዝጉና ቆጣሪውን ተመልከቱ። እየዞረ ከሆነ ከቆጣሪው ወዲህ፣ በእናንተ በኩል ነው የሚፈሰው።