ላልታተመ አንድ ደብዳቤ ስል

የተከበራችሁ ወጣት አንባቢዎች፤

በቅርቡ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክር ከተካሄደ የመጽሐፍ ውይይት ስንወጣ አንዲት ወጣት ደረጃው ላይ ጠብቃ አነጋገረችኝ። ስለ አማርኛ ተከታታይ ድራማዎችና ስለ ቲክቶክ ያላትን ሐሳብ በፌስቡክና በቴሌግራም እንደምትጽፍ፣ በጻፈች ቁጥርም ስድብ እንደሚወርድባት ገለጸችልኝና፣ «ጋሼ፣ በእናንተ ጊዜ በጋዜጣ ስትከራከሩ እንዲህ ትሰዳደቡ ነበር? እኔስ ለሚሰድበኝ ሰው መልስ ልስጥ ወይስ ልተወው?» ስትል ጠየቀችኝ። መንገድ ላይ ስለነበርን በቂ መልስ አልሰጠኋትም። ማታ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው አንድ ክርክርና እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ፍጻሜውን አስታወሰኝ። ይህን ደብዳቤ ለእሷም ለእናንተም ለመጻፍ የተነሣሁት ስለዚህ ነው።

አዎን፣ እንሰዳደብ ነበር። የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን በፈሉበት ጊዜ፣ ዛሬ በስልካችሁ ላይ የምታዩት ዓይነት ዘለፋ በወረቀት ታትሞ አራት ኪሎ መንገድ ዳር ተዘርግቶ ይሸጥ ነበር። መግዣ የሌለው ሰው በሳንቲም ጋዜጣ ተከራይቶ፣ ድንጋይ ወይም የሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያነብና ለአከራዩ ይመልሳል፤ አጠገቡ ከተቀመጠው የማያውቀው ሰው ጋርም ባነበበው ጉዳይ ይሟገታል። ስለዚህ የድሮው ሰው ጨዋ ነበር፣ የዛሬ ወጣት ግን ባለጌ ሆነ የሚሉ እኩዮቼን አልቀበላቸውም። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፤ በብዕር ስም የሚጽፈውን ሰው እንኳ ቢያንስ አዘጋጁ ማንነቱን ያውቀው ነበር።

በዚያ ጊዜ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የባህልና የመዝናኛ ዓምድ ረዳት አዘጋጅ ነበርኩ። ዓምዳችን በአንድ ወቅት የቪዲዮ ቤቶችን ጉዳይ ለክርክር ከፈተ። እናንተ ስላልደረሳችሁበት ላስረዳ፤ ቪዲዮ ቤት ብዙውን ጊዜ ከመኖሪያ ቤት የተከፈለ አንድ ክፍል ነው። መስኮቱ በወፍራም ጨርቅ ይሸፈናል፣ አግዳሚ ወንበሮች ይደረደራሉ፣ ፊት ለፊት ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ቴሌቪዥንና ዴክ የሚባለው የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ይቀመጣሉ፣ በሩ ላይ የዕለቱ ፊልም ስም በጠመኔ ይጻፋል። ሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም ሲኒማ አምፒር ለመግባት የማይበቃ ሳንቲም በኪሱ ያለው ልጅ የህንድ ፊልምና የካራቴ ፊልም የሚያየው እዚያ ነበር።

ከጻፉልን ሰዎች መካከል መምህራን፣ የቴአትር ባለሙያዎች፣ ወላጆችና የሃይማኖት ሰዎች ይገኙ ነበር። የጽሑፎቹ አማርኛ ግሩም ነበር፤ ዛሬም ከእነዚያ ደብዳቤዎች አንዳንዱን ለጽሑፍ ትምህርት ምሳሌ አድርጌ ልሰጣችሁ እችል ነበር። «ትውልድ እየጠፋ ነው» የሚለው ስጋት ግን ከአንዱም አይጠፋም። እንዲህ ያለ ስጋት ለከተማችን እንግዳ አይደለም፤ ሲኒማ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ ማሳያውን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠርቶት ነበር። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ፒያሳ ከሚገኘው የማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ሥርጭት ከጀመረ ከዓመታት በኋላም፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበራቸው አንዲት እናት ብቻ ነበሩ። ልጆች ሁሉ በር ላይ እግራችንን ታጥበን፣ መሬት ላይ ተኮልኩለን እናይ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ዓይናችሁ ይጠፋል እያሉ በየመሐሉ ያስወጡን ነበር። መልሰው የሚያስገቡንም እሳቸው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ክርክሩ ሊዘጋ ሲል ፒያሳ ከነበረው ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር አንድ ደብዳቤ መጣ። በደብተር ወረቀት ፊትና ጀርባ በእጅ የተጻፈ ሲሆን፣ ጸሐፊው የአንድ ቪዲዮ ቤት ባለቤት ነበሩ። የሰዋስው ግድፈት ነበረበት። ነገር ግን ለሳምንታት ካተምናቸው ጽሑፎች በአንዱም ያልነበረ ዕውቀት ይዞ ነበር። በየሰዓቱ ማን እንደሚገባ ጽፈዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሊስትሮዎችና ተማሪዎች፣ ምሽት ላይ የቀን ሠራተኞች፣ እሑድ ደግሞ የእረፍት ቀናቸውን የሚያሳልፉ የቤት ሠራተኞች ይመጣሉ። አንዳንድ ቤቶች ሌሊት ለልጅ ቀርቶ ለአዋቂ የማይገባ ፊልም እንደሚያሳዩ ሳይደብቁ መስክረዋል፤ ይህንን ለማስቆምም የፊልሞቹ ዝርዝር ከቀን በፊት በር ላይ እንዲለጠፍ፣ ክፍሉ ጭልጭል የምትል አምፖል እንኳ እንዲኖረው፣ ልጆች ከመሸ በኋላ እንዳይገቡ የሚል ደንብ እንዲወጣ ሐሳብ አቅርበዋል። በመጨረሻም፣ «ቤቴን የኮነናችሁ ጌቶች አንድ ቀን መጥታችሁ ብታዩኝ ሻይ እጋብዛችኋለሁ» የሚል ቃል አስፍረው ነበር።

ደብዳቤው አልታተመም። ምክትል ዋና አዘጋጁ ገጹ መሙላቱን፣ ክርክሩም ማለቁን ነገሩኝ፤ ነጋዴ ለንግዱ ቢሟገት የሚያስደንቅ ነገር እንደሌለውም አከሉበት። ገጹ ተለጥፎ አልቆ ነበር፤ በማግስቱ ወደ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሄደ። እኔ በዚያ ውሳኔ ላይ ድምፅ የሌለኝ ጀማሪ ነበርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ደብዳቤውን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዶሮ ማነቂያ ወረድኩ። (ያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ስለፈረሰ ዛሬ ቦታውን ላሳያችሁ ብሞክር እንኳ የምጠቁመው ግድግዳ የለም።) ባለ ቪዲዮ ቤቱ ጥጥ አልኮል ነክረው ካሴቱን የሚያነበውን የዴኩን ሄድ እያጸዱ ደረስኩ፤ ካሴቱ ከብዙ እጅ የተቀዳ በመሆኑ ካልተጸዳ ምስሉ በረዶ እንደሚሆን አስረዱኝ። የሊስትሮ ሣጥኖች በሩ ሥር በሰልፍ ተደርድረው ነበር። ፊልሙ ህንድኛ ነበር፤ ከታዳሚው ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም። ሰውዬው ነገሩ ሲወሳሰብ ካሴቱን ያቆሙና ማን የማን ወንድም እንደሆነ፣ እናቲቱ ለምን እንደምታለቅስ በአማርኛ ይተርካሉ። አንድ ትንሽ ሊስትሮ ተነሥቶ አረማቸው፤ ሰውዬው ለሞት አይደለም የሚታመመው፣ አክተር አይሞትም፣ አለ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም ልጁን ወደ ፊት ጠርተው ቀሪውን ታሪክ እሱ እንዲገምት አደረጉት፤ ከዚያ ካሴቱን ለቀው ግምቱን ከፊልሙ ጋር አስተያዩ። መብራት ሲጠፋ ለእያንዳንዱ ልጅ ስማቸውን የፈረሙባት ቁራጭ ወረቀት ሰጡ፤ በነገታው በነጻ የሚገቡባት ነበረች። ሻዩንም ጋበዙኝ። ደብዳቤያቸው ይወጣ እንደሆነ ሲጠይቁኝ የነገርኳቸውን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ «እንግዲህ እናንተ አንባቢዎቻችሁን ታውቃላችሁ» ብለው ወደ ዴካቸው ተመለሱ።

ከጊዜ በኋላ ያ ቪዲዮ ቤት ታሸገ። ደብዳቤው ቢታተም ኖሮ አይታሸግም ነበር ለማለት አልደፍርም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በሺህ የሚቆጠር አንባቢ ስለ ቪዲዮ ቤት ፍርድ ሰጥቶ ጋዜጣውን አጠፈ፤ ከጸሐፊዎቹ መካከል ወደ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ ስለመኖሩ ከጽሑፎቻቸው ምንም ምልክት አላገኘሁም፤ ውስጡን የሚያውቀው አንድ ሰው ግን ሳይሰማ ቀረ። ያቀረቡት ደንብ ከሁላችንም ሐሳብ የተሻለ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ክርክሮች ሁሉ በዚህ ዓይን መመልከት ለምዶብኛል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ሲመጣ የተነሣውን ሙግት ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል። የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ስጋት መሠረት ነበረው፤ ያለቀለትን ድራማ ተርጉሞ ድምፅ መቀየር አዲስ ድራማ ጽፎ፣ ተዋናይ ቀጥሮ፣ ቀርጾ ከማውጣት እጅግ ይረክሳልና። ተመልካቹም ምሽቱን የሚያሳልፍበት ጥሩ ነገር ማግኘቱን ሊነፈግ አይገባውም ነበር። ሁለቱ ወገኖች ሲጯጯሁ ግን፣ ስቱዲዮ ተዘግተው የባዕድ ተዋናይ ከንፈር ከሚንቀሳቀስበት ፍጥነት ጋር የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሲያስማሙ የሚውሉትን ተርጓሚዎችና ድምፅ ተዋንያን፣ እኔ እስከተከታተልኩት ድረስ፣ የጠየቃቸው ጥቂት ነው። የአማርኛ ግስ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ ከእነሱ የበለጠ ማን ሊነግረን ይችል ነበር?

አሁን ደግሞ ቲክቶክ ይዘጋ፣ አይዘጋ ትላላችሁ። እኔ ቲክቶክን አልወደውም፤ ስጦታ ለመሰብሰብ ሲባል በላይቭ የሚደረገው መዘላለፍ ያሳፍረኛል። ብዙዎቻችሁ የዓድዋ ድል መታሰቢያን ጎብኝታችሁ ከየሥዕሉ ፊት ተቀርጻችሁ ስትወጡ፣ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አንድ አንቀጽ ሳታነቡ መቅረታችሁም ያሳዝነኛል። አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፋችሁን ደግሞ ፈጽሞ አልለምደውም፤ ፊደሉ በስልካችሁ ውስጥ አለ። እንዲህም ሆኖ፣ አንድ ወጣት ጎረቤቴ ለዓመታት ስፈልገው የነበረ የመጽሔት ቅጽ ፎቶ ከቴሌግራም ቻናል በአንድ ሻይ ጊዜ ውስጥ አግኝቶ ሰጥቶኛል፤ እኛ በዕድሜያችሁ እንዲህ ያለ ጉልበት አልነበረንም።

ወደ ወጣቷ ጥያቄ ልምጣ። ለተሳዳቢ የምትሰጪው መልስ የት እንደሚሄድ ማወቅ አለብሽ። ፌስቡክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ የቁጣውን ጨምሮ የስሜት ምልክቶችን ከላይክ አምስት እጥፍ እንዲመዝኑ አድርጎ ጽሑፍ ለሰው ያደርስ እንደነበር፣ በ2021 ይፋ የወጡ የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች አሳይተዋል፤ ለቁጣ የሰጠውን ክብደት በኋላ አንሥቶታል። አስተያየት የበዛበትን ነገር ማስቀደም ግን እንደ ፌስቡክ ባሉ ብዙ መድረኮች የተለመደ አሠራር ነው። ስለዚህ በንዴት የጻፍሽው መልስ ስድቡን ላላዩት ሰዎች ያደርስልሻል። በስድቡ መሐል አንድ እውነት ወይም አንድ ጥያቄ ካለ እሱን ብቻ ነጥለሽ መልሺ፤ ከሌለ እለፊው። ዘርንና ሃይማኖትን የሚነካ ከሆነ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ያለበት ጉዳይ ስለሆነ የእኔን ምክር አይፈልግም።

ሪፖርት ስታደርጉ ደግሞ ስድቡ ሰው ዘንድ ሊደርስ ይችላል። የአማርኛ ጽሑፎችን ለፌስቡክ ሲመረምሩ ከነበሩት መካከል ናይሮቢ ተቀምጠው በኮንትራት ድርጅት በኩል የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራው ስላደረሰባቸው የአእምሮ ጉዳትና ስለ ሥራ ሁኔታቸው የኬንያ ፍርድ ቤት ዘንድ የቀረቡ መርማሪዎችም አሉ። ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ በአማርኛ ከሚጻፈው ውስጥ የእነዚህ ሰዎች ቃል የሚገኝበት ስንት ነው?

በአንድ ነገር ሐሳቤ እንደተከፈለ ነው። ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት የሚያነበው፣ የሚያርመው፣ ሳምንት የሚያቆየው አዘጋጅ ቢኖራችሁ ብዬ እመኛለሁ፤ ግማሹ መዘላለፍ እዚያው ይቀር ነበር። ያን ደብዳቤ ያስቀረው ግን ያው አዘጋጅ ነው። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ ቢሆኑ በስልካቸው ጽፈው በዚያው ቅጽበት ለሁሉም ባደረሱት ነበር፤ በሰዋስው ግድፈታቸው የሚያላግጥ አስተያየት ከሥሩ ተደርድሮ ጽሑፋቸው እስከ ማታ ተረስቶ ባደረም ነበር። ሁለቱን ማስታረቅ አልሆነልኝም።

አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ድምፅ ወደ ትርጉምና ወደ ማስታወቂያ ሥራ እየገባ ነው፤ ክርክሩንም ጀምራችኋል። ይተካናል ወይስ ያግዘናል እያላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ድምፅ ተዋናይ ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ሲቀጠሩ የፈረሙት ውል የተቀዳው ድምፃቸው ለሌላ ሥራ እንዲውል ይፈቅዳል? ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በክፍል? ማሽኑ ያወጣውን አማርኛ እንዲያርሙ ተጠይቀው ያውቃሉ? ማጥበቅና ማላላት የሚለያቸውን ቃላት እንዴት ያነባቸዋል? መልሳቸውን በራሳቸው ቃል፣ በፊደላችን ጻፉልኝ፤ ባትስማሙበትም ሳትቆርጡ አውጡት።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የጋዜጣ አዘጋጅ፣ ከፒያሳ