መልስ፦ ስክሪኑ ከ1024 በ768 አልወጣ አለ

ወንድሜ፣ ኡቡንቱ 22.04 የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከጫንክ በኋላ የስክሪኑ ሪዞሉሽን (የምስሉ ጥራት) 1024 በ768 ላይ ቀርቷል ብለሃል። አይዞህ፣ ስክሪንህ ደህና ነው። ሴቲንግስ ውስጥ አባውት የሚለውን ክፈትና የግራፊክሱን መስመር እይ። «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» ካለ፣ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድህ ሥራ ላይ አይደለም፤ ምስሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው። ስትጭን ስክሪኑ ጠቁሮብህ «ኖሞድሴት» የሚለውን፣ የግራፊክስ ድራይቨሩን የሚያግድ የማስነሻ ትእዛዝ ጨምረህ ነበር አይደል? ግሩብ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ኡቡንቱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ የቀረው እሱ ይመስለኛል። እሱ እያለ ሪዞሉሽን ልቀይር ብትል ትደክማለህ እንጂ አይሆንም።

መጀመሪያ አዲሽናል ድራይቨርስ የሚለውን ፕሮግራም ክፈትና «ቴስትድ» የሚለውን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ጫን። ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚያግደው የኮምፒውተሩ ጥበቃ) ከበራ የይለፍ ቃል አውጣ ይልሃል። ሪስታርት ስታደርግ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ድራይቨሩም አይነሳም። አንተ «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን (የድራይቨሩን ቁልፍ መመዝገቢያ) ምረጥና ያንኑ የይለፍ ቃል አስገባ። ከዚያ ኖሞድሴትን ከግሩብ ፋይሉ አጥፋ፣ ግሩብን አፕዴት አድርግ፣ እንደገና አስነሳው።