መልስ፦ ሁዱን በአልኮል መጥረግ ብቻ ይበቃል ወይ?

ደብረ ማርቆስ ላለሽው እህቴ፤ የመርፌ መድኃኒት የምትቀምሙበትን ሁድ (የተጣራ አየር የሚነፍስበትን የሥራ ሳጥን) በ96 በመቶ አልኮል መጥረግ ብቻ ይበቃል ወይ ብለሻል። አይበቃም።

96 በመቶው ቶሎ ይተናል። ጀርም በደንብ የሚገድለው ውሃ ሲኖረው ነው፤ 70 በመቶ ይሁን። ከ96 በመቶው 730 ሚሊ ሊትር ለክተሽ በስትራይል (ከጀርም በጸዳ) ውሃ እስከ 1 ሊትር አድርሺው።

ዋናው ጉዳይ ግን ስፖር፣ ማለትም ባክቴሪያ ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት ጠንካራ ሽፋን ያለው ቅርጹ ነው። አልኮል የባክቴሪያ ስፖር አይገድልም፤ ብዙዎች የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው። ስፖር በአቧራና በካርቶን ይገባል። በእኛ በጎጃም ደግሞ በበጋ አቧራው የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ካርቶኑ ውጭ ይከፈት፣ ክፍሉን አይርገጥ። ስፖር የሚገድል ኬሚካልም በየጊዜው ተጠቀሙ። በረኪና ከሆነ በዕለቱ ይበጥበጥ፤ ብረት ስለሚበላ ስፖሩን ለመግደል የሚያስፈልገው ቆይታ ሲያልቅ በስትራይል ውሃ ይጠረግ። ከአልኮል ጋር ፈጽሞ እንዳይቀላቀል!

የፈሰሰ ነገር ካለ መጀመሪያ ይታጠብ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ፣ መስመሩን እየደረብሽ ጥረጊ። ክብ ክብ አታሺ። ሄፓ ፊልተሩ (የሁዱ አየር ማጣሪያ) ላይ አትርጪ። እባክሽ ደግሞ አልኮሉ በራሱ ይድረቅ፤ የሚሠራው እርጥብ ሆኖ በቆየበት ጊዜ ነው።