ለዮሐንስ አፈወርቅ መታሰቢያ መጋረጃ ልግዛ ወይስ ልመጽውት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለግንቦት 12 የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ መታሰቢያ ብዬ ትንሽ ብር አጠራቅሜአለሁ። ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ልግዛበት ወይስ ለተቸገረ ልስጠው? ደግሞስ ሕዝብ እንዲያ የወደደው ሰባኪ ለምን በስደት ሞተ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለተኛውን ላስቀድም። የብርሽም ነገር እዚያው ውስጥ ይመለሳል።

ቅዱሱ የአንጾኪያ ልጅ ነው። እናቱ አንቱዛ በ20 ዓመቷ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን አሳደገችው። ንግግር የተማረው ከአረማዊው ሊባንዮስ ነው። በኋላ ተራራ ወጥቶ መነነ። ጾሙና ብርዱ ጤናውን ስለጎዱት ወደ ከተማ ተመለሰና በ386 እ.ኤ.አ. ቀሰሰ። በዓመቱ የአንጾኪያ ሰው በግብር ተቆጥቶ የንጉሡን ሐውልቶች ሰባበረ። ከተማው የንጉሡን ቅጣት እየጠበቀ ሲንቀጠቀጥ፣ እርሱ ጾሙን ሙሉ እየሰበከ አጽናናቸው። ሲያጨበጭቡለት ግን ይገሥጻቸው ነበር። የሚፈልገው የሰሙትን እንዲሠሩት ነው።

በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። መከራው የጀመረው እዚህ ነው። የመንበሩን ወጪ ቀንሶ ለሕሙማን መታከሚያ አዋለው። ባለጠጎችን ፊት ለፊት ገሠጸ፤ ንግሥት አውዶክስያንም አልማራትም። በ403 የተሰበሰበበት ጉባኤ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሸጠሃል ብሎ ሳይቀር ከሰሰው፤ እርሱም ተሰደደ። ሕዝቡማ ዝም አላለም፤ ከተማው ሲታወክ ንግሥቲቱ ደንግጣ አስመለሰችው። በ404 ግን ዳግመኛ ተሰደደ። ከስደት ሆኖ ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያስ የጻፋቸው የማጽናኛ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ይህም ለጠላቶቹ አልበቃቸውም። ወደ ሌላ ሩቅ ስፍራ በፀሐይና በዝናብ እያስኬዱት በ407 ኮማና በተባለች ከተማ ዐረፈ። የመጨረሻ ቃሉ «ስለ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ነበር። በ438 ዐፅሙን ወደ ቁስጥንጥንያ ያስመጣው የዚያችው ንግሥት ልጅ ቴዎዶስዮስ ነው፤ ስለ ወላጆቹም ይቅርታ ለመነ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

አየሽ፣ የተሰደደው ስለ ድሃ መናገር ብቻ ሳይሆን አድርጎ ስላሳየ ጭምር ነው። የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ክርስቶስ በድሃው አካል እየተራበ ማዕዱ በወርቅ ጽዋ ቢሞላ ምን ይጠቅማል ይላል። አስቀድመህ የራበውን አብላ፣ በተረፈው ቤቱን አስጊጥ ነው ትምህርቱ። ማስጌጥን አልከለከለም፤ የሚቀድመውን አሳየ እንጂ። ቤተ ክርስቲያናችን ከ14ቱ ቅዳሴዎች አንዱን በስሙ ትቀድሳለች። ያንን ቅዳሴ ሰምቶ የወጣ ሰው በር ላይ የተቀመጠውን ችግረኛ ዘሎ ማለፍ የለበትም።

ስለዚህ ብሩ የስእለት ካልሆነ ለተቸገረ ስጪው። መጋረጃ ብለሽ ተስለሽ ከሆነ ግን ስእለትሽን አድርሺ፣ አታስቀይሪው። የቱ እንደሆነ ካልለየልሽ ከበዓሉ በፊት ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።