ከላይ ያለውን ውሃ አይታችኋል?

ይድረስ ለልጆቼ፤

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ ጣና ዳር አገኘኝና፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ጥቁር መደብ ላይ ቀይ የሚያበሩ የካንሰር ሴሎች። «ጋሼ፣ መድኃኒቱ ገባ!» አለኝ። ደስታውን ማበላሸት ከብዶኝ ቡና ጋበዝኩት፤ ስለ እንቦጭ ስናወራ አመሸን። ያን ቀን የዋጥኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

ሥራችን መድኃኒትን በጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣት ጭኖ ወደ ካንሰር ዕጢ ማድረስ ነው፤ ለዚህ አዲስ ለሆናችሁ ጥቂት ልበል። ቀዳዳማው የሲሊካ ቅንጣት የአሸዋ ዘመድ ነው። አንጥረኛ አስቀድሞ በሰም ቅርጽ እንደሚያወጣ፣ እኛም ሲቲኤቢ የሚባል ሳሙና መሰል ነገር ውሃ ውስጥ እናሰናዳለን፤ ሲሊካው በዙሪያው ይረጋል። ከዚያ ሳሙናው በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቃጠላል ወይም በአሲዳማ አልኮል ታጥቦ ይወጣል። አንጥረኛው ሰሙ በለቀቀው ቦታ ወርቁን ያፈስሳል፤ እኛ መድኃኒት እንሞላበታለን። ቅርጹ የማር እንጀራ ነው፤ የአንዱ ዓይን ስፋት ግን ጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ብቻ። አንድ ግራሙ ቢዘረጋ 1000 ካሬ ሜትር ገደማ ወለል አለው። የሞቢል ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ኤምሲኤም-41 የተባለውን እንዲህ ያለ ቀዳዳማ ሲሊካ ሲያስተዋውቁ ሐሳባቸው ነዳጅ ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ማድሪድ ውስጥ ኢቡፕሮፌን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ተጫነበት። ዛሬ በዓይኖቹ ውስጥ መድኃኒት፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ለምስል የሚሆን ቀለም ወይም ኤምአርአይ ላይ ደምቆ የሚታይ ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት አብሮ ይጫናል።

አሁን ወደ ፎቶው። ወጣት ሳለሁ፣ ውጭ አገር ስማር፣ ቅንጣቶቼን ሮዳሚን በሚባል ሮዝ ቀለም ሞልቼ ከሴሎች ጋር አሳደርኳቸው። ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሳይ ሁሉም ያበራሉ። ለእናቴ ደውዬ «ተሳካልኝ» አልኳት፤ ምኑ እንደተሳካ ሳትጠይቅ እልል አለች። ከሰዓት የላብራቶሪው ኃላፊ መጣች። ፎቶውን ዞር ብላ አላየችውም፤ የጠየቀችኝ ከሴንትሪፉጅ፣ ቅንጣቱን በፍጥነት አሽከርክሮ ከውሃው ከሚለየው መሣሪያ፣ የወጣውን ቱቦ ነው። ግርጌው ላይ ሮዝ ጭቃ ተቀምጧል። ከላይ ያለው ውሃም ሮዝ ነው። ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስታ ትንሽ ካየችው በኋላ፣ ያንን ውሃ ብቻ አጣርታ ሌሎች ሴሎች ላይ ጨመረችው። በማግስቱ እነሱም አበሩ። የሦስት ወር ድካሜ ተሸካሚውን ትቶ ብቻውን የሄደ ቀለም ነበር።

ምስሉ የሚያሳያችሁ ምልክቱ የት እንዳለ ነው። ጋዶሊኒየሙ ግድግዳው ላይ እንደታሰረ፣ መድኃኒቱ ግን ደም ውስጥ መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ሊያልቅ ይችላል፤ ኤምአርአዩ ዕጢው ላይ ደማቅ ነጥብ ያወጣላችኋል፣ የደረሰው ግን ባዶ ዕቃ ነው። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት በዚህ ደግ ነው፤ ራሱ ቀይ፣ ራሱ የሚያበራ። ብዙዎቹ እንዲያ አይደሉም። ስለዚህ ቀለሙን ብቻውን፣ መድኃኒቱን ብቻውን፣ ባዶውን ቅንጣትም ብቻውን ሞክሩ። ባዶውን በተለይ አትዝለሉት። ሲቲኤቢው በደንብ ካልወጣ ሴሉን የሚገድለው ሳሙናው ነው፤ እናንተ ግን ለመድኃኒቱ ትጽፉለታላችሁ።

ሳህን ላይ የተኛ ሴልና ሰውነት ደግሞ ለየቅል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ የአሥር ዓመት የእንስሳት ሙከራዎችን የሰበሰበ ግምገማ፣ በመርፌ ከተሰጠው ናኖ ቅንጣት ዕጢ ጋ የሚደርሰው መካከለኛ መጠን 0.7 በመቶ ነው ብሏል። አብዛኛውን ጉበትና ጣፊያ ያስቀሩታል። ይህን ሳያነሱ «በቀጥታ ዕጢውን የሚመታ» ብለው የሚጽፉ ሰዎች ያናድዱኛል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሲሊካ ቅንጣት እ.ኤ.አ. በ2011 ሰው ላይ እንዲሞከር ሲፈቀድ እንኳ፣ 7 ናኖሜትር ገደማ የሆነ፣ በሽንት የሚወጣ፣ ቀዳዳም ሆነ የመድኃኒት ጭነት የሌለው፣ ለምስል የተሠራ ነበር።

«እዚህ ምን መሣሪያ አለ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወረፋ ነው። ግን ሲሊካ ፍለጋ ባሕር አትሻገሩ፤ ሩዝ የሚበቅልበት ፎገራ ቅርባችን ነው። የሩዝ ገለፈት በደንብ ሲቃጠል አመዱ በአብዛኛው ሲሊካ ነው፣ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲፈላም ይሟሟል። እሳቱን ግን አታብዙት፤ ከልክ ካለፈ ሲሊካው ክሪስታል ይሆናል፣ የዚያ ብናኝ ደግሞ ሳንባ ይጎዳል። ጭንብል አድርጉ። ከዚያ ሚዛን፣ የአሲድነት መለኪያ ፒኤች ሜትር፣ በብርሃን የመድኃኒቱን መጠን የሚለካ ስፔክትሮፎቶሜትርና ቅንጣቱን ይዞ የተለቀቀውን መድኃኒት የሚያሳልፍ የዲያሊሲስ ከረጢት ካላችሁ፣ ቅንጣቱ በፒኤች 7.4 (እንደ ደም) እና በ5 (አሲዳማ በሆነው የሴል ክፍል እንዳለው) ምን ያህል መድኃኒት እንደሚለቅ በየሰዓቱ መለካት ትችላላችሁ። መብራት ሄዶ ውሃው ከ37 ዲግሪ ከወረደ ሰዓቱንና ሙቀቱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። እንዳልሆነ አድርጋችሁ አትለፉት።

ያ ፎቶ ያሳየኝ ልጅ ትናንት ቤቴ መጣ፣ ኪሱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ቱቦ ይዞ። በረንዳ ላይ ወደ ብርሃኑ አነሳነው። «አራተኛ እጥበቴ ነው ጋሼ» አለ። እኔ ዓይኔ ደክሟልና ጠራ ልለው ስል፣ እሱ ቀድሞ ከኋላው ነጭ ወረቀት ያዘበት። ለዓመል ያህል ሮዝ ነበር። ቱቦውን መልሶ ጠቅልሎ ሄደ፤ ቡናው ሳይደርስለት።