ከእምነት ያወጣኝ ክርክር፣ ለእናቴም የነገርኳት

«ስለ አምላክ መኖር የሚነሱትን ክርክሮች ስትመረምሩ ክርስትናን ያስተዋችሁ የትኛው ነው? ለቤተሰብስ እንዴት ነገራችሁ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ያደግኩ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ። ዛሬ አምላክ አለ ብዬ አላምንም።

የጀመርኩት «የመጀመሪያው ምክንያት» ከሚባለው ክርክር ነው። የካቶሊኩ ፈላስፋ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን እንዳቀረበው፣ የሚለወጥ ነገር ሁሉ ለዋጭ አለው፤ ሰንሰለቱም ወደ ኋላ ማብቂያ ሊያጣ አይችልም፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ለዋጭ አለ፣ እሱም አምላክ ነው። «ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው?» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ አኩዊናስ «ሁሉም ነገር ፈጣሪ አለው» አላለምና። ግን ብቀበለውም፣ ስለት ወደሚሰማ አምላክ አያደርሰኝም። የዓይን አሠራር ፈጣሪን ያሳያል የሚለው ደግሞ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ዝግመተ ለውጥ ካሳተመው ሥራ ወዲህ ለእኔ አቅም የለውም።

ያናወጠኝ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወንዙን ሞልቶ፣ ሰው በተኛበት መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ክፋት የሚመጣው ከሰው ነፃ ፈቃድ ነው ይሉናል። ያንን ዝናብ የመረጠ ሰው ግን የለም። ክርስቲያኑ ፈላስፋ አልቪን ፕላንቲንጋ ለዚህም መልስ አለው፤ የተፈጥሮ አደጋ የወደቁ መላእክት ሥራ ሊሆን ይችላል ይላል። አምላክና ክፋት አብረው መኖር መቻላቸውን ለማሳየት ይህ ይበቃው ይሆናል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ምን ሊሆን ይችላል ሳይሆን የትኛው እውነት ይመስላል የሚለው ነው። የነፍስ አባቴ «የእግዚአብሔር ሥራ አይመረመርም» አሉኝ። ቅን ሰው ናቸው፣ እስካሁን አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ካልተመረመረ፣ ቸር መሆኑንስ በምን አወቅን? እምነቴ እዚያ ላይ ቆመ።

ቤተሰብን በተመለከተ፣ ለታኅሣሥ 19 ቤቱ በቁልቢ ገብርኤል እንግዳ ሲሞላ አታንሳው። የሚያኖሩህ እነሱ ከሆኑ ደግሞ ራስህን እስክትችል ታገሥ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትህን ያውቅልሃል፤ ከቤት ብትወጣ ግን ማደሪያ አይሰጥህም።

ለእናቴ የነገርኳት ሁለታችን ብቻ ቡና ስንጠጣ ነው። አኩዊናስን ጨርሶ አላነሳሁም። «እምነቱን ነው የተውኩት፣ አንቺን አይደለም» አልኳት። አለቀሰች። ቆይታ «ልቅሶ ላይ ልትቀር ነው?» አለችኝ። አልቀርም አልኳት፤ ቀርቼም አላውቅም። ያንተም ቤተሰቦች የሚጠይቁህ ይህንኑ ነው፤ ጾሙን፣ ሠርጉን፣ የልጆችህን ክርስትና፣ ዕድሩን። መልስህን ቀድመህ አስብበት። እስከዚያው የምታወራው ሰው ካጣህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።