ከየት ልነሳ?

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ያለች አንዲት ወጣት አርክቴክት ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ የራሴ ጌጥ ያለው ኮርኒስ በሬቪት መሥራት ፈልጌ ነበር። የማገኘው 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ካሬ ብቻ ነው። ምን ላድርግ?» ትላለች። ሬቪት ሕንፃ በኮምፒውተር የምንሥልበት ፕሮግራም ነው። መልሱ ረጅም አይደለም፤ እነግራታለሁ። ግን ጥያቄዋን ሳነብ አንድ አናጢ ትዝ አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነገሩ ደሴ ነው። ሬቪትን ገና እየለመድኩ ነበር። አንድ ባለሀብት የሠርግ አዳራሽ ያሠራል። ኮርኒሱ የእንጨት እንዲሆንና የአገር መልክ እንዲኖረው ፈለገ። እኔም ከእናቴ ቀሚስ ጥለት ላይ አልማዝ የሚመስለውን ቅርጽ ወሰድኩ። በ60 ሳንቲ ሜትር ካሬ ውስጥ ከተትኩትና ኮርኒሱ ላይ ለጠፍኩት። ሬንደሩ (ኮምፒውተሩ የሚሠራው ፎቶ መሳይ ሥዕል) ሲወጣ ባለቤቱ ዓይኑን መንቀል አቃተው። አትሜ ወደ ሳይት ላክሁ።

(እናቴ ሐይቅ ከተማ ነበር የምትኖረው። የቤታችን ኮርኒስ አቡጀዲ ነው። ክረምት ሲያፈስ ውሃው ቡናማ ክብ ክብ ይሥልበታል። ማታ ተጋድሜ እሱን እቆጥር ነበር። ጣሪያ ማየት የጀመርኩት ያኔ ይመስለኛል።)

አናጢው በዕድሜ የገፉ የላስታ፣ የላሊበላ አካባቢ፣ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ዘርግተው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ኢንጂነር፣ ከየት ልነሳ?» አሉኝ።

«ፕላኑ ላይ አለኮ።»

«መስመሩ አለ። መነሻው የለም። ደሞ ይሄ ጥለት ስንት ጣት ይወፍራል? ወደ ታች ይወጣል ወይስ ወደ ላይ ይገባል?»

ባለቤቱ አጠገቤ ቆሟል። መልስ አልነበረኝም። የለጠፍኩት ላዩ ላይ ያለ መስመር ብቻ ነው፤ ውፍረት የለውም። አፈርኩ፤ እፍረቴንም ቁጣ አደረግሁት። «እርስዎ እንደተሣለው ይሥሩ» አልኳቸው። «አብሽር፣ ይሠራል» ብለው ወረቀቱን አጠፉት። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁኝም።

እንደተሣለው ሠሩት። የአዳራሹ ስፋት 9 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ነበር። ከቀኝ ግድግዳ ተነስተው 15 ሙሉ ካሬ ገጠሙ። በግራ በኩል 8 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ተረፈች። ጥለቱ እዚያ ጋ ሲደርስ አንገቱ ተቆረጠ። መብራቶቹም የአልማዙ ክንድ ላይ አረፉ፤ እንጨቱ እየተቦረቦረ ገቡ። መሐል ላይ አንድ መስመር አስምሬ ከዚያ ግራና ቀኝ ብነሳ ኖሮ 14 ሙሉ ካሬ ይገባ ነበር። በየጎኑም እኩል 34 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ስሌቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዓመታት በኋላ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄድኩ። ከላሊበላ በስተሰሜን፣ ዋሻ ውስጥ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ግድግዳው እንጨትና ነጭ ልስን እየተደራረበ የተሠራ ነው። ቀና ስል የእንጨት ኮርኒሱ በሣጥን በሣጥን ተከፍሏል። ጌጡ በየሣጥኑ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ሣጥን ጠርዝ አለው፣ ጥልቀት አለው። እኚያ የላስታ አናጢ ይህን እያዩ ነው ያደጉት። የጠየቁኝ ከዚህ ተነስተው ነበር።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። ጌጡ መስመር ብቻ ከሆነ በማቴሪያሉ ሰርፌስ ፓተርን (ላዩ ላይ በሚደጋገም የመስመር ንድፍ) ሥሪው። ግን ድራፍቲንግ ሳይሆን ሞዴል የሚለውን ምረጪ። ድራፍቲንግ ከወረቀቱ ስኬል ጋር ይለዋወጣል፤ ሞዴል ግን እውነተኛ ልኩን ይዞ ይቆያል። በአላይን (መስመር በሚያገጥመው ትእዛዝ) ከመሐል መስመሩ ጋር ልታገጥሚውም ትችያለሽ። የራስሽን የፓተርን ፋይል ከጻፍሽ ታይፕ ሞዴል የሚለው መስመር እንዳይረሳ፤ ያለሱ ሬቪት እንደ ሞዴል አይቀበለውም። ቀላል ነገር ነው እላለሁ፣ እኔ ግን በዚህች መስመር ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ። ፋይሉ የሚያውቀው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው። ክብ ጌጥ ከፈለግሽ በትንንሽ ቀጥታ መስመሮች ማስመሰል አለብሽ።

ጥልቀት ካለው ግን መለጠፉን ተዪው። ጣሪያ ሥሪና ዓይነቱን ስሎፕድ ግሌዚንግ (በካሬ የሚከፈል የመስታወት ጣሪያ) አድርጊው፤ ተዳፋቱን ዜሮ። የግሪዱን (የካሬዎቹን መስመሮች) ጀስቲፊኬሽን፣ ማለትም መነሻውን፣ ሴንተር ካልሽው ከመሐል ይነሳል። ከዚያ በመስታወቱ ፈንታ የራስሽን ፓነል፣ ከነውፍረቱ፣ አስገቢ። ይሄ ፋይሉን ያከብደዋል። ቢሆንም ሴክሽን (የጎን ቁርጥ ሥዕል) ስትቆርጪ ስንት ጣት እንደሆነ ይታያል።

የዛሬ ልጆች እጃችሁ ፈጣን ነው። እኔ ሳምንት የምለፋበትን እናንተ በአንድ ቀን ትጨርሱታላችሁ። የምታወርዱት ዝግጁ ፋይል ግን በዝቷል። መሰላል ላይ ወጥቶ ጣሪያ የለካ ጥቂት ነው። ይህን ስል ይከፋኛል፣ ምክንያቱም እኔም በዚያ ዕድሜዬ መሰላል አልወጣሁም።

ባለፈው ጥር ደሴ ሄጄ አዳራሹ ገባሁ። ቁራጯ በግራ በኩል አሁንም አለች። አናጢውን ጠየቅሁ፤ አርፈዋል አሉኝ። ልጃቸው ዘበኛው አጠገብ በር እየጠገነ ነበር። አባቱ ያን ቀን ምን እንደጠየቁኝ፣ እኔም ምን እንደመለስኩ ነገርኩት። ሜትሩን ከኪሱ አወጣና «የቱ ጋ ነው?» አለኝ። አብረን ገብተን ለካናት።